ዳዊት ማኅደር ውስጥ ያደረ ውል

ኅዳር 9 ቀን 2002፣ ረቡዕ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት

ካኪ ሱሪ፣ ስድስተኛው። ወገብ 64፣ ቁመት 88። የልጁ እናት ሁለት ጣት ጨምርበት ብላለች፤ ያድጋል ብላ። ሁሉም እናት እንዲህ ነው የምትለው። የዳባት ተማሪ ግማሹ ሱሪውን አጥፎ ነው ት/ቤት የሚሄድ።

ደብተሬ፣ አንተን ከልኬቱ ገጾች ኋላ ገልብጬ የምጽፍብህ ሥራ ሲቆምብኝ ነው። ዛሬ ቆሟል። ክር ተበጥሶ አይደለም። ወረቀት መጣ።

ያመጣችው ሰብለ ናት፣ የወ/ሮ ጥሩነሽ ልጅ። ሰጥታኝ ፊቴን ሳታይ ተመለሰች። በታይፕ የተጻፈ ነው፤ «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ከሥሩ ተሰምሮበታል። የግቢው ባለቤት ወ/ሮ ጥሩነሽ ይላሉ፦ የውላችን አሥር ዓመት ጥር 6 ስለሚሞላ ክፍሉን ከነቁልፉ አስረክበኝ፤ ካላስረከብክ እከስሃለሁ። ግርጌው ላይ ወይን ጠጅ አሻራ።

አሥር? አሥራ ሁለት ነው። ገና ሁለት ዓመት ይቀረኛል።

ሱሪውን ጨረስኩት። አንዱ እግር ካንዱ አጥሮ ወጣ። ፈታሁት።

ኅዳር 10፣ ሐሙስ

ነገሩን በወጉ ላስፍር። አንድ ቀን ዳኛ ይጠይቀኝ ይሆናል።

ጥር 1992። የወ/ሮ ጥሩነሽ ግቢ ዋናውን መንገድ ይዞ ባዶ ቦታ ነበረው። እኔ የስፌት መኪና አለኝ፣ ቦታ የለኝም። እሳቸው ቦታ አላቸው፣ መሥሪያ የላቸውም። ተስማማን። በራሴ እንጨት፣ በራሴ ጭቃ፣ በራሴ ቆርቆሮ አንዲት ክፍል እሠራለሁ። የተባለው ዘመን እስኪሞላ እሰፋባታለሁ፣ እተኛባታለሁ። ሲሞላ ክፍሏ የሳቸው ትሆናለች። ኪራይ የለም።

ውሉን የጻፉት መምሬ ካሤ ናቸው፣ የሁለታችንም የነፍስ አባት። የጻፉት አንድ ቅጂ ብቻ። ለኔም ለሳቸውም አልተሰጠም። የነፍስ አባት ቁጭ ብሎ ወረቀት በኪስ መያዝ መጠራጠር ነው ተባለ። አደራውም እንዲህ ነበር፦ አንዱ ብቻውን ቢመጣ አይሰጠው፤ ሁለታችሁ አንድ ላይ ስትመጡ ብቻ። መምሬ አጥፈው ከዳዊታቸው ጋር በቆዳ ማኅደሩ ከተቱት። በጊዜው ደስ አለኝ። ጨዋነት መሰለኝ።

በዓመቱ ልጄ ማርታ ተወለደች። ወ/ሮ ጥሩነሽ ክርስትና አነሷት፤ አበልጅ ሆንን። ባለቤቴ ስትሞት ማርታ አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከኔ ገበታ ይልቅ በክርስትና እናቷ ገበታ የቀረበችበት ቀን ይበዛል።

አሥራ ሁለቱን ከየት አመጣኸው የሚለኝ ካለ፦ መምሬ ሲጽፉ ብዕራቸውን ቀና አድርገው «አሥራ ሁለት፣ የሐዋርያት ቁጥር ነው፣ የተባረከ ነው» ያሉት እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም።

ሁለት ዓመቱ ለምን እንደሚያስፈልገኝም ልጻፈው። የቤት ማኅበራችን ቦታ በሁለት ዓመት ይሰጣል ተብሏል። ከደረስኩበት ከቤት ወደ ቤት እሻገራለሁ። ካልደረስኩበት መኪናዬን ተሸክሜ፣ ልጄን አስከትዬ የማንን በረንዳ ልለምን ነው?

ኅዳር 15፣ ማክሰኞ

ጾም ገባ። ፍ/ቤት ግቢ ሄድኩ። ከመዝገብ ቤቱ ጎን ጠበቃ ማቆም ለማይችል ሰው ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥባት ክፍል አለች፤ ማክሰኞና ዓርብ ትከፈታለች። ያለችው ወ/ሪት ሰናይት ናት፣ ከጎንደር የመጣች ልጅ እግር የሕግ ባለሙያ። የኮቷ እጅጌ ይረዝማል። ሁለት ሴ.ሜ. ቢሰበሰብ ይበቃዋል።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ወረቀቱ የት አለ? ስለ ሐዋርያት ነገርኳት። መልሳ ወረቀቱ የት አለ አለች።

ከዚያ አስረዳችኝ። ሰው ሁሉ ውሉ ግርጌ «በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1731 የጸና ነው» እያለ ያጽፋል፤ እኔም ቁጥሩን አውቀዋለሁ፣ ትርጉሙን ጠይቄ ግን አላውቅም። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ሁለት ሰዎች በሕግ አግባብ የተዋዋሉት ነገር ለነዚያ ለሁለቱ ሕግ ነው። ስለዚህ ፍ/ቤቱ እኔ ምን እንደማስታውስ አይደለም የሚጠይቀው። የሚጠይቀው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ እያለ የሰው ትዝታ አይሽረውም። ሕጉን ከማንበባችን በፊት ውላችሁን እናንብብ አለች።

ደግሞ ምናልባት አሥር ሆኖ ቢገኝ እንኳ በዕለቱ ዕቃህ አይጣልም፣ መልቀቂያ ጊዜ መጠየቅ ይቻላል አለችኝ። ያ እኔን አይመለከተኝም አልኳት።

ኅዳር 19፣ ቅዳሜ

ቦኖው ላይ ከወ/ሮ ጥሩነሽ ጋር ተገናኘን። ጄሪካኔን አስቀድሜ ነበር። እንዴት አደሩ አልኩ።

አበልጅ ከአበልጅ በአንቱ ነው የሚነጋገረው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንቱ ስንባባል ኖረናል፤ በዚህ ደብተር እንኳ በእሳቸው ነው የምጽፋቸው። ዛሬ ሰው በተሰለፈበት ያሉኝ ይህን ነው፦ «ኧረ ተወኝ! ቤቴን ልቀቅልኝ። አንተን ያስገባሁ ለት እጄን በሰበረው!»

አንተን።

ውኃዬን ቀድቼ መጣሁ። ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ከዛሬ ጀምሮ እኔም በዚህ ደብተር እሷ ነው የምላት።

ምክንያቷን ግን ላስፍር፣ ለፍርድ እንዲመች። ሰብለ የጠጉር ሥራ ተምራ ተመልሳለች። መንገድ ዳር ያለች ክፍል ትፈልጋለች። በእናቷ ግቢ ውስጥ አንድ አለች፤ እኔ ተቀምጬባታለሁ። ምክንያቷ ክፉ አይደለም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ማርታ ከዚያ ቤት ሽሮ ይዛ መጣች። በላሁት። ጨው በዝቶበታል ብዬ ልጽፍ ነበር። አልበዛበትም።

ኅዳር 25፣ ዓርብ

መምሬ ካሤ ካረጁ ወዲህ ከአምባ ጊዮርጊስ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ፣ ትውልድ ቀያቸው ገብተዋል። ወ/ሪት ሰናይት ደብዳቤ ጽፋላቸው ነበር፤ በእህል ነጋዴ እጅ ልኬው ነበር። ዛሬ መልሱ መጣ፣ በቃል። ወረቀቱ ደኅና ነው። ብቻውን ለመጣ አልሰጥም፤ ዳኛም ቢሆን ብቻውን እንዳይመጣ። አብረው ይምጡና ይውሰዱ።

ወ/ሪት ሰናይት ሳቀች። ስትስቅ መጀመሪያ ያየኋት ዛሬ ነው። ፍ/ቤት አስገድዶ ሊያስመጣው ይችላል፣ ግን ቀጠሮው ይረዝማል አለች። ቀጥላም ይህ የቄሱ አደራ ራሱ የውላችሁ ክፍል ነው፤ እናንተው ናችሁ የተስማማችሁበት አለች።

እውነቷን ነው። ያኔ ስንስማማ አብሮ መሄድ ቀላል ነበር። አሁን ከማላናግራት ሰው ጋር በአንድ ሚኒባስ ልሳፈር ነው።

ታኅሣሥ 6፣ ማክሰኞ

ወ/ሪት ሰናይት ሁለታችንንም አስጠራች። አንድ አግዳሚ ወንበር፤ ወ/ሮ ጥሩነሽ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። መሐላችን ሦስት ሰው ያስቀምጣል።

ሰናይት ለኔ የነገረችኝን ለሷም ነገረቻት፣ በቀስታ፣ ሳታዳላ። ለኔ ብቻ የምትሠራ መስሎኝ ስለነበር ትንሽ ቅር አለኝ። ከዚያ ጠየቀችን፦ ወረቀቱ የሚለውን ሁለታችሁም ትቀበላላችሁ? ወ/ሮ ጥሩነሽ እቀበላለሁ አለች፤ አሥራ ሁለት ካለ ልጄ ትጠብቃለች። እኔም እቀበላለሁ አልኩ፤ አሥር ካለ እወጣለሁ።

ይህን ያልኩት አሥር እንደማይል ስለማውቅ ነው። ሰው የሚጠየቅበት ያልመሰለውን ቃል ለመስጠት ለጋስ ነው።

ነገ እንሄዳለን።

ታኅሣሥ 7፣ ረቡዕ፣ 12 ሰዓት ሲሆን

ደርሰን መጣን። እግሬ አብጧል።

በሚኒባሱ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር። ገብስ ታጭዷል፤ በየአውድማው ከብት ይሽከረከራል፣ ገለባው ዓይን ይገባል። እሷ በትሯን ይዛ ከፊት፤ ለስድሳ ዓመት ሴት ትፈጥናለች። ከወንዙ ስንደርስ እጄን ዘረጋሁ። አይታ አለፈችኝ፣ ብቻዋን ተሻገረች። ማዶ ላይ ከመቀነቷ ቆሎ ፈታች። ቃል ሳትናገር ግማሹን በመዳፌ አፈሰሰችልኝ። ቆረጠምን።

የመምሬን ዓይን ሞራ ለብሶታል። አያዩም። በድምፃችን አወቁን። አብራችሁ ናችሁ? አሉ፣ ሁለቴ። መስቀል አሳለሙን። ዳዊታቸውን አሁን በቃላቸው ነው የሚደግሙት፤ ማኅደሩ ግን ከራስጌያቸው ተሰቅሏል። አውርደው በእጃቸው ዳብሰው ወረቀቱን አወጡ። ጠረኑ ቆዳ ቆዳ ይላል።

የሚያነብ ዲያቆን አውድማ ላይ ነው፣ ላስጠራው አሉ። ያኔ እሷ አፏን ከፈተች። «ምነው መምሬ፣ አበልጄ ቁጭ ብለው ዲያቆን ምን ያደርግልናል? እሳቸው ያንብቡልን።»

አንቱ አለችኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩ።

አነበብኩላቸው። አሥራ ሁለት የሚል አለበት። የሐዋርያት ቁጥር።

ከዚያ ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም አጎነበሰች፤ ይዤ አስቀረኋት። ይቅር ይበሉኝ፣ ሰው ፊት አዋረድኩዎ አለች። መምሬ «እንዲያ ነው የሚለው?» አሉ። መልስ አልጠበቁም። «እንግዲህ የኔ አደራ አበቃ። ያነበበው ይያዘው» ብለው ወረቀቱን ለኔ ተዉልኝ።

ስንመለስ በወንዙ እጄን ይዛ ተሻገረች። መንገዱን ሙሉ እሷ አወራች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አለች፤ ማርጀት እንዲህ ነው፣ አሥር ነው ብዬ ስምል ነበር፣ እግዜር ከመሐላ አወጣኝ አለች። እኔ ደክሞኝ ነበር።

ታኅሣሥ 8፣ ሐሙስ

አምስት ሱሪ፣ ሁለት ሸሚዝ። አንድም አላበላሸሁም።

ከግቢው የተልባ ፍትፍት መጣልኝ። ያመጣችው ራሷ ወ/ሮ ጥሩነሽ ናት። ሰብለም ኋላ መጣች። ስለ ማስጠንቀቂያው ወረቀት ይቅርታ ጠየቀች፤ እንዲጻፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ እማዬ አይደለችም አለች። ጎንደር ሰው ቤት ጠጉር ልትሠራ ነው፣ ሁለት ዓመት። ክፍሏ እስክትለቀቅ። ሰኞ ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ ትሄዳለች።

መልካም መንገድ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ታኅሣሥ 13፣ ማክሰኞ

ወ/ሪት ሰናይት ደስ ብሏታል። ከተስማማችሁ ለወደፊቱ ጭቅጭቅ እንዳይኖር አጭር የስምምነት ጽሑፍ እናዘጋጅ አለች፤ እስከ ጥር 6 ቀን 2004 ክፍሉ በእጅህ ይቆያል የሚል። ዓርብ ጧት፣ ሁለታችሁም። አሮጌው ወረቀት አለ? አለች። አለ አልኩ። እንግዲያው ካስፈለገ ይያያዛል፣ ካላስፈለገም ስምምነቱ ይበቃል አለች። አላወጣሁትም። ኪሴ ነበር።

አንድ ነገር ጨመረች። ወ/ሮ ጥሩነሽ ማንበብ ስለማይችሉ አሻራቸው ብቻውን አያስገድዳቸውም፤ ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ተነቦላቸው መረጋገጥ አለበት፣ እኔው መዝገብ ቤቱ ጋ እወስዳቸዋለሁ አለች። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ጠየቅሁ። ልጅቷ ለቀልድ ያህል ነው የመለሰችልኝ፦ ሕጉ አንባቢን አያምንም፣ ጋሼ።

የኮቷን እጅጌ ሳይ ቆየሁ። ስጪኝ፣ ላሳጥርልሽ አልኳት። አውልቃ ሰጠችኝ። አሁን እዚህ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

ታኅሣሥ 14፣ ረቡዕ

ደብተሬ፣ ለአንተም ዋሸሁ።

አሥራ ሁለት የሚል አለበት ብዬ ጻፍኩ። አለበት። መምሬ በግዕዝ አኃዝ ነው የጻፉት፦ «ለክዳን ቆርቆሮ ፲፪።» ቀጥሎ በሌላ መስመር፦ «ዘመኑም ፲ ዓመት ነው።» አሥር። የሐዋርያት ቁጥር ብለው የባረኩት ቆርቆሮውን ነበር። ቆርቆሮውን ከመኪና አውርጄ በራሴ ተሸክሜ ያስገባሁ እኔ ነኝ። አሥር ዓመት ከሥሩ ተኝቻለሁ። ዛሬ ተነሥቼ ቆጠርኩት። አሥራ ሁለት ነው።

ታዲያ ያን ቀን መምሬ ፊት፣ ጣቴ ፲ን እየነካ፣ አፌ «ዘመኑም አሥራ ሁለት ዓመት» አለ። ከመናገሬ በፊት አላሰብኩበትም። ከተናገርኩ በኋላ ግን አልመለስኩትም፤ ጊዜ ነበረኝ። መምሬ «እንዲያ ነው የሚለው?» ሲሉ ጊዜ ነበረኝ። ወንዙ ላይ እጄን ስትይዘኝ ጊዜ ነበረኝ።

ሌላም ልጻፍ፣ ከጀመርኩ አይቀር። መምሬ ወረቀት ሳይቆጥቡ ነው የጻፉት። ከ፲ ቀጥሎ ባዶ ቦታ አለ፣ የአንዲት ፪ ቦታ። ትናንት እዚህ ገጽ ጥግ ላይ ሞከርኩት። ፲ ጻፍኩ፣ ከጎኑ ፪ ጨመርኩ። የመምሬን እጅ ይመስላል። ልኬት እየጻፍኩ እጄ ቁጥር ለምዷል። ከዚያ ጥጉን ቀደድኩት።

ጨካኝ ሰው አይደለሁም ብዬ ልጽፍ ነበር። ሰረዝኩት። አሥር ነው ብላ ስትምል የነበረችውን ሴት ስታብል የኖረች አስመሰልኳት፤ እሷም አምናኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ልጇ ሻንጣ እያዘጋጀች ነው። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ማንበብ ስለምችል ነው። አፍሬያለሁ።

ታኅሣሥ 15፣ ሐሙስ

የማርታ ጫማ ስፌት። የሁለት ልጆች ኮሌታ። ኮቱን ጨረስኩ፤ ሁለት ሴ.ሜ. ሳይሆን ሁለት ተኩል ነበር የሚበቃው።

ማርታ የክርስትና እናቴ የሰብለን ሻንጣ ስታይ አለቀሰች አለችኝ። ለምን ታለቅሳለች ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኩ። ሦስተኛ ውሸት፣ ወይ አራተኛ።

ብናገር ምን እንደሚሆን አሰላሁ። ክፍሏን ጥር 6 አስረክባለሁ። የቤት ማኅበሩ ቦታ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ሰናይት ያኔ መልቀቂያ ጊዜ መጠየቅ ይቻላል ስትለኝ አይመለከተኝም ብያት ነበር። እጠይቃለሁ፤ ት/ቤት እስኪዘጋ፣ እስከ ሰኔ። ካልፈቀዱ አልፈቀዱም። ልብስ ሰፊ መኪናውን የሚተክልበት ጥግ አያጣም ይባላል። ይህን ያለው ሰው ልብስ ሰፊ አይደለም።

ብተወውስ? ሁለት ዓመት እዚሁ እሰፋለሁ። ከፊት ለፊቴ ያሉትን ሴትዮ በየጧቱ እንዴት አደሩ እላለሁ።

ታኅሣሥ 16፣ ዓርብ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት

ኮቱ ተተኩሷል። ወረቀቱን በኮቱ ኪስ ከትቼ ልስጣት አሰብኩ፤ ቤቷ ስትደርስ ታገኘው። መልሼ አወጣሁት። እንዲህ ከሆነ የሰናይት ኪስ ነው የተናዘዘው፣ እኔ አይደለሁም።

ስለዚህ ወሰንኩ። የሰናይት ክፍል እንደደረስን ከአዲሱ ጽሑፍ በፊት ወረቀቱን አወጣለሁ። ወ/ሮ ጥሩነሽ በተቀመጡበት፣ ሰናይት ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ ከበስመ አብ ጀምራ እስከ ግርጌው፣ ቆርቆሮውንም ዓመቱንም። እኔ አላነብም። ስትጨርስ ያነበበልዎ ሰው ዋሽቶዎታል እላለሁ፤ በራሴ አፍ። ሰብለ ሻንጣዋን ትፈታለች። ኋላ ወደ መምሬ አብረን እንሄዳለን፣ ወ/ሮ ጥሩነሽ ከኔ ጋር መሄድ ከፈቀዱ። ካልፈቀዱ ብቻዬን ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ለዚህ ብቻዬን ብሄድ አያባርሩኝም።

በደብተሬ እሳቸው ማለት ጀምሬያለሁ። አሁን ነው ያየሁት።

ከግቢው በር ይጣራሉ። «አበልጄ፣ አልጨረሱም? ፀሐዩ ሳይከር እንሂድ እንጂ!» አዲሱን ነጠላቸውን ለብሰዋል፤ ለአሻራ።

አንቱ ሲሉኝ ምናልባት የመጨረሻው ነው። መጣሁ አልኳቸው። ወረቀቱን በእጄ ይዤዋለሁ፤ ኪሴ አላስገባውም።